ሚኒሞ፦ በወልድያና በመርሳ መንገድ ላይ የቤንዚን ሞተር ምርመራ ታሪክ

የመኪና ሞተር ነጂው ቤንዚን ሳይረግጥና ማርሽ ሳያስገባ ራሱን ብቻ ችሎ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት በኢትዮጵያ ጋራዦች «ሚኒሞ» ይባላል። ቃሉ ጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «ከሁሉ ያነሰው» ማለት ነው፤ ሞተሩ በዚህ ፍጥነት ላይ ሳለ ሲርገፈገፍ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ወይም ድንገት ሲጠፋ መካኒኩ «ሚኒሞ አይዝም» ይላል። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳና በሲሪንቃ አልፎ ወልድያ በሚደርሰው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የዚህች ሐረግ ዕድሜ ከመንገዱ ዕድሜ ብዙም አይለይም። የሙያው ቃላት ከመንገዱ ጋር ከውጭ ገቡ፤ ችግሩን ፈልጎ የማግኘት ሥርዓቱ ግን በስፍራው ከፍታ፣ በዳገቱና በመለዋወጫ እጥረት እየተቀረጸ የአገር ልጅ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ሲደርሱ መንገዱ ዛሬ በሚያልፍባቸው በየጁና በአምባሰል ሸቀጥ የሚጓጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ነበር። መኪና ወደዚህ አካባቢ በብዛት የገባው ከ28 ዓመት በኋላ፣ ያውም በጦር ሠራዊት እጅ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦርነቱ ከተደረገ በኋላ የኢጣሊያ ጦር ወደ ደቡብ ገፍቶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ፤ ከዚያም ከ1500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በቀጣዮቹ ሦስትና አራት ዓመታት አዲስ አበባን በጣርማ በር፣ በደሴ፣ በወልድያና በመቀሌ በኩል ከአስመራ ጋር የሚያያይዘው አውራ ጎዳና ተቆረጠ። መንገዱ የተሠራው ቅኝ ግዛትን ለማጽናት ነበር፤ የተረፈው ግን ለሾፌርና ለነጋዴ ነው።

መንገዱ መኪናን፣ መኪናው ደግሞ ብልሽትን አመጣ፤ ብልሽቱን የሚጠግኑት ጣሊያናውያን መካኒኮች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በአገሬው ረዳቶች እጅ በመሆኑ ረዳቱ የመሣሪያውንም የክፍሉንም ስም ከጌታው አፍ ተቀበለ። በ1933 ዓ.ም. ወረራው ሲያበቃ ከጣሊያናውያኑ መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት በኢትዮጵያ ቀርተው በእጅ ሙያቸው መተዳደር ቀጠሉ፤ በአስመራ ጋራዦች የሠለጠኑ ኤርትራውያንም ይህንኑ ቃል ይዘው በመንገዱ ወደ ደቡብ ወረዱ። ዛሬ ወልድያ ውስጥ አንድ ለማጅ «ካቻቢቴ አምጣ» ሲባል ብሎን መፍቻ የሚያቀብለው፣ ፍሬንን፣ ፍሪሲዮንን፣ ካምቢዮን፣ ባሌስትራን፣ ኮፈንንና ፍሬቻን ያለ ትርጉም የሚያውቀው ከዚሁ የተነሳ ነው። የእሳቱ፣ ማለትም የማቀጣጠያው፣ ክፍል ስሞችም እንደዚያው ናቸው። ጫፉ ላይ ብልጭታ የሚፈነጥቀው ክፍል «ካንዴላ» ይባላል፤ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። የባትሪውን ኃይል የሚያጎላው የመዳብ ጥቅልል «ቦቢና»፣ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚጠራው ጥንድ ነጥብ ደግሞ «ፑንቲና» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ቢታለፍ አያስደስትም። መርሳ ከመድረሱ በፊት መንገዱ የሚያልፍባት ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል ስሟን የወሰደባት ስፍራ ናት፤ ያ ውል የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ በ17ኛው አንቀጽ አንድ ግስ ላይ ስላልተስማሙ እስከ ዐድዋ ያደረሰ ጠብ አስከትሏል። ከዚያ ወዲህ በዚያው መንገድ ያለፉት የጣሊያንኛ ቃላት በመቶ ይቆጠራሉ፤ በካንዴላ ትርጉም ላይ ግን ማንም ከማንም አልተጣላም፤ ሁለቱም ወገኖች አንዱን ዕቃ በእጃቸው ይዘው ስለሚነጋገሩ ይመስላል።

የቤንዚን ሞተር በየሲሊንደሩ ውስጥ አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ያምቃል፤ የታመቀውን ቅይጥ በትክክለኛው ቅጽበት የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ነው። ለ60 ዓመታት ያህል በዓለም ላይ የገነነው የማቀጣጠያ ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የቀየሰው ሲሆን፣ ካዲላክ የተባለው የመኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1910 ሞዴሎቹ ላይ ገጥሞታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፑንቲናው ሲዘጋ የባትሪው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ይፈሳል፤ ሞተሩ የሚያዞረው ጉብጉብ ዘንግ ፑንቲናውን ሲከፍተው ፍሰቱ ድንገት ስለሚቋረጥ ቦቢናው 12 ቮልቱን ወደ 15 ወይም 20 ሺህ ቮልት ያዘልለዋል። ዲስትሪቢውተር የተባለው አከፋፋይ፣ በውስጡ በሚዞር ጣት አማካይነት፣ ይህን ኃይል ተራው ለደረሰው ሲሊንደር ይልካል፤ ካንዴላውም ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር በምትሆን ክፍተት ላይ እሳቱን ያዘልላል። ከፑንቲናው ጎን የምትታሰረው ትንሽ ቆርቆሮ፣ ኮንደንሰር፣ ነጥቦቹ በሚለያዩበት ጊዜ በመካከላቸው ብልጭታ ተፈጥሮ እንዳያቃጥላቸው ትከላከላለች፤ እርሷ የሞተች እንደሆነ ፑንቲናው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጠቁራል፣ በአንዱ ነጥብ ላይ ጉድጓድ፣ በሌላው ላይ ጉብታ ይወጣል።

የፑንቲና ዕድሜ ለምን አጭር እንደሆነ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 800 ዙር እየዞረ ሚኒሞ ላይ ሲቆም በደቂቃ 1600 ብልጭታ ይፈልጋል፤ በ3000 ዙር ሲጓዝ 6000 ይሆናል። ስለዚህ ከደሴ ወልድያ 3 ሰዓት የፈጀበት ሾፌር፣ በመንገዱ ላይ ፑንቲናው ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተከፍቶ ተዘግቷል ማለት ነው። ፑንቲናውን የሚገፋው ትንሽ ተረከዝ በዘንጉ ላይ እየታሸ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ደግሞ ብልጭታው ከሚገባው ጊዜ ይዘገያል፣ መካኒኮች እንደሚሉት «ፋዙ ይሳሳታል»። ሞተሩ ይሞቃል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ሚኒሞው ይወርዳል። ሾፌሩ የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ስለሆነ የሚያማርረው ስለ ሚኒሞው ነው።

ለመሆኑ ደካማው ክፍል ሁሉ ሚኒሞ ላይ የሚጋለጠው ለምንድን ነው? ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር አንድ ሲሊንደር ቢስት የቀሩት ሦስቱ በግስጋሴያቸው ይሸፍኑታል፤ በዝግታ ሲዞር ግን እያንዳንዱ ፍንዳታ ለብቻው ይቆጠራል። በዚህ ላይ ሚኒሞ ላይ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ቅይጥ ጥቂት፣ ከፊተኛው ቃጠሎ የቀረው ጭስ ደግሞ በአንጻሩ ብዙ በመሆኑ ቅይጡ እሳት አልቀበልም ባይ ነው። ጥላሸት የያዘ ካንዴላ፣ የተሰነጠቀ የአከፋፋይ ክዳን፣ ወይም በጓርኒሲዮን በኩል፣ ማለትም በሁለት ብረቶች መካከል በሚገባው ማሸጊያ በኩል፣ ሾልኮ የሚገባ ትርፍ አየር ሚኒሞውን የሚያናጋው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን የእሳት ጉድለት ሁሉ በቆመ መኪና ይታወቃል ማለት አይደለም። ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላና የደከመ ቦቢና አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁት መኪናው ተጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲበረታ ነው።

በዚህ ረገድ የሀብሩና የወልድያ አቀማመጥ ለምርመራ የተሰናዳ ይመስላል። የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ወይናደጋ ናት፤ ወልድያ ወደ 2000 ሜትር ትጠጋለች፤ ከወልድያ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ደግሞ በአጭር ርቀት ውስጥ 3000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀድሞ ከአሰብ ወደብ ተነስቶ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ይመጣ የነበረ መኪና፣ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ እየወጣ እዚህ ሲደርስ የሚስበው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳበት ነበር። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን የሚለካው «ጂግለር» በተባለው ቋሚ ቀዳዳ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ቅይጡ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ላይ ይታፈናል፤ ለደጋ ተስተካክሎ ቆላ የወረደውም በተራው ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይሞቃል። እንግዲህ «ሚኒሞ አይዝም» የሚለው አቤቱታ በዚህ አገር ከሚገባው በላይ የበዛው በመካኒኩ ስንፍና ወይም በሾፌሩ ግዴለሽነት ብቻ አይደለም፤ መልክዓ ምድሩም ድርሻ አለው። የበልግና የክረምት ዝናብ ሁለት ጊዜ የሚጎበኘው አካባቢ መሆኑም ሌላ ሰበብ ነው፤ እርጥበት የጠጣ የካንዴላ ገመድና በጭጋግ የረጠበ የአከፋፋይ ክዳን ኃይሉን ወደ ሲሊንደሩ ከማድረስ ይልቅ በጎን ያፈስሱታልና፣ ማታ ደህና ገብቶ ያደረ መኪና ጠዋት ይርገፈገፋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ያለ ጥገና ይድናል።

መለኪያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የነበረው ምርመራ በጆሮ፣ በአፍንጫና በጣት የሚካሄድ ነበር፤ ይህን «ግምት» ብሎ ማጣጣል ግን ሥራውን አለማወቅ ነው፤ ቅደም ተከተል ያለው፣ አንዱን እየዘጉ ሌላውን የሚከፍቱበት ሥርዓት ነበርና። መካኒኩ በመጀመሪያ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቆ ድምፁን ያዳምጣል። ምቱ እኩል ሆኖ ዝቅ ያለ ብቻ ከሆነ ነገሩ የማስተካከያ ብሎን ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በየተወሰነ ምት አንድ እግሩ እንደሚያነክስ ሰው የሚያነክስ ከሆነ ግን አንድ ሲሊንደር ስቷል፣ በሙያው አነጋገር «በሦስት ነው የሚሠራው»። የትኛው እንደሳተ ለማወቅ የካንዴላ ገመዶቹ ሞተሩ እየሠራ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ተይዘው፣ በየተራ ይነቀላሉ፦ ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ከተናጋ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነበር፤ ሲነቀል ምንም ለውጥ ካልመጣ ግን በሽተኛው እርሱ ነው። ሥራ ፈት ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ከማሳ እንደማስወጣት ያለ ዘዴ ነው፤ ከዚህ የቀለለና ከዚህ የረቀቀ ምርመራ ማግኘት ያስቸግራል።

በሽተኛው ሲሊንደር ከታወቀ ካንዴላው ይፈታል፣ ጫፉም ይነበባል። ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል፤ በዘይት ከረጠበ ፋሻዎቹ፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት የማሸጊያ ቀለበቶች፣ አርጅተዋል፤ የነጣ ከሆነ ደግሞ ቅይጡ ሳስቷል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል። ቀጥሎ የዚህ ካንዴላ ቦታ ከጤነኛው ጋር ይለዋወጣል፦ በሽታው ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ገመዱ፣ ክዳኑ ወይም ሲሊንደሩ ራሱ ይመረመራል። ወደ ካርቡራተር የሚኬደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር። መጀመሪያ እሳቱን፣ ቀጥሎ ነዳጁን የሚለው ይህ ሥርዓት ምክንያት አለው፦ ፑንቲናና ካንዴላ በየጊዜው የሚያልቁ ናቸው፤ ካርቡራተር ግን ቢቆሽሽ እንጂ በቶሎ አያልቅም፣ ያለ በቂ ምክንያት ብሎኑን የነካካ ሰውም ሁለት በሽታ አንድ ላይ ይዞ ይቀራል። ልምድ የሌለው እጅ የሚታወቀው ካርቡራተሩን አስቀድሞ በመፍታቱ ነው።

አዲስ ፑንቲና ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ዘመን ደግሞ የማደስን ጥበብ አስተማረ። የጠቆረው ነጥብ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በቀጭን ሞረድ ይጠረጋል፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲሆን ስስ የብረት ቅጠል በመካከሉ እየገባ ይለካል፤ ቅጠሉ ሲጠፋ የመላጫ ምላጭ እየተደራረበ ተክቶታል፤ አንዱ ምላጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው አራቱ ሲደራረቡ ልኩን ይሰጣሉ። ካንዴላም በቤንዚን ታጥቦ፣ በሽቦ ቡሩሽ ተፍቆ፣ የጎን ጥርሱ በቀስታ ተመትቶ ክፍተቱ ይመለሳል። ከጋራዥ ውጭ ላለ ሰው ይህ ቁጠባ ብቻ ይመስላል፤ ለሙያው ግን ትምህርት ቤት ነበር፤ የሚጥል ሰው ክፍሉ ለምን እንዳረጀ አይጠይቅም፣ የሚያድስ ግን መጠየቅ ግድ ይለዋል።

በመንገዱ ላይ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ሁሉ ካንዴላ እንዳልነበረው መዘንጋት አይገባም። የናፍታ ሞተር አየሩን በኃይል አምቆ በሙቀቱ ብቻ ስለሚያቀጣጥል ካንዴላም ፑንቲናም የለውም፤ ወረራው ያመጣው «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ማለትም ፊያት 634፣ እንዲሁም ከ1940ዎቹ በኋላ መንገዱን የገዛው «ኤንትሬ»፣ ማለትም ፊያት 682 ኤን 3፣ የናፍታ ነበሩ። የእሳት ሥራ የሚፈልጉት ትንንሾቹ ናቸው፦ ፊያት 600፣ ቮልስዋገን፣ የቤንዚን ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መንገዱን ሲያድስ የእነዚህ ቁጥር ጨመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቻይናውያን ከወልድያ እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲሠሩ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚባለው ይህ ጎዳና ወልድያ መተላለፊያ ከመሆን አልፋ መገናኛ እንድትሆን አደረጋት። መንገዱ አስፋልት የለበሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ እስከዚያው የጠጠሩ አቧራ የአየር ማጣሪያንና ካርቡራተርን ሲበላ፣ ድልብ ላይ ያለው ዳገት ደግሞ የደከመ ቦቢናን ያለ ምሕረት ሲያጋልጥ ኖሯል።

የደርግ ዘመን ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት «ዋዝ» የተባለው ጂፕና «ዚል 131» የጭነት መኪና ቤንዚን የሚጠጡ በመሆናቸው፣ በምዕራቡ ዓለም ከባድ መኪና ወደ ናፍታ ባዘነበለበት ጊዜ ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የሚያደምጥ ጆሮ እንደገና ተፈለገ። ላዳ በበኩሉ የሶቪየት ስም ይዞ ቢመጣም ከፊያት 124 የተወለደ ነበር፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመ፣ ከተማውም በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም የተሰየመ ነው። ስለዚህ በጣሊያንኛ ቃላት የሠለጠነው መካኒክ የላዳን ኮፈን ሲከፍት ያገኘው እንግዳ ሳይሆን የአጎት ልጅ ነው። አብዮቱ ባንዲራውንና የአገሪቱን ወዳጅ ቢለውጥም ፑንቲናው ፑንቲና ሆኖ ቀጠለ።

ፑንቲናን የሻረው ፖለቲካ ሳይሆን ኤሌክትሮኒክስ ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት የጃፓን መኪኖች ወደ አገሪቱ በብዛት ሲገቡ ካርቡራተር፣ ጂግለርና አከፋፋይ በየተራ ጠፉ፤ በቪትዝና በያሪስ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ቦቢና በራሱ ላይ ተሸክሟል። ሞተሩ ሲስት ኮምፒዩተሩ ስህተቱን በቁጥር ይመዘግባል፦ ፒ0300 ቦታው ያልተለየ መሳት፣ ፒ0301 የ1ኛው ሲሊንደር፣ ፒ0302 የ2ኛው፣ ፒ0505 ደግሞ የሚኒሞ መቆጣጠሪያው ችግር ነው። የአየሩ መሳሳት እንኳ በአነፍናፊ መሣሪያ እየተለካ ቤንዚኑ ስለሚቀነስ፣ ከመርሳ ጋሸና የሚወጣ ሾፌር ብሎን ማስነካት አያስፈልገውም።

ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው የትኛው ሲሊንደር እንደሳተ እንጂ ለምን እንደሳተ አይደለም። ፒ0301 ያነበበ ሰው ወዲያው አዲስ ቦቢና ቢገዛ ገንዘቡን ሊጥል ይችላል፤ ጥፋቱ የካንዴላው፣ የቤንዚን መርጫው ወይም የሾለከ አየር ሊሆን ይችላልና። የተሻለው መንገድ የ1ኛውን ቦቢና ከ2ኛው ጋር ለውጦ ቁጥሩ ወደ ፒ0302 መዛወሩን ማየት ነው፤ ይህም የቀድሞው መካኒክ ካንዴላ እያለዋወጠ ያደርገው የነበረው እንጂ ሌላ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ገመድ ወይም ቦቢና እየነቀሉ ማድመጥ ብቻ በእነዚህ መኪኖች ላይ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ መውጫ ያጣው ኃይል ኤሌክትሮኒክ ክፍሉን ሊያቃጥል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም የጭስ ማጣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል። ዕቃ እየቀያየሩ ዕድልን መሞከር ግን በምንም ዘመን ምርመራ ተብሎ አያውቅም።

ካንዴላ በወልድያና በመርሳ መንደሮች ውስጥ ዛሬ በብዛት የሚገኘው በባጃጅ ላይ ነው። የባጃጁ ሞተር ባለ 1 ሲሊንደር በመሆኑ የሚያነክስበት እግር እንኳ የለውም፤ እሳቱ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፣ ምርመራውም እንደ ጥንቱ ካንዴላን ፈትቶ ከማንበብ ይጀምራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በባትሪ የሚሠራው መኪና ሲቆም ሞተሩም ስለሚቆም ሚኒሞ የሚባል ነገር የለውም። በአንጻሩ ፑንቲና በምላጭ ለክቶ ያስተካከለው ትውልድ በዕድሜ ገፍቷል፤ የሥራው ቃላትና የምርመራው ቅደም ተከተል ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ እንጂ በመጽሐፍ የተቀመጡ አይደሉም። በወልድያ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛና ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ስለሆኑ፣ አንጋፋዎቹን መካኒኮች እየጠየቁ ቃሉንም ዘዴውንም ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ሊጽፉት ይገባል።